ለመንገዱ ቀኑን ይስጡት

ጎንደር የሚኖር ዘመድዎን «ከአዲስ አበባ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብለው ቢጠይቁት ምናልባት አያውቀውም። «መንገዱ ስንት ይፈጃል?» ካሉት ግን ሳያመነታ ይመልስልዎታል፤ በስንት ሰዓት ተነሥተው፣ የት ቁርስ ቀምሰው፣ የት ምሳ በልተው፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚገቡ ጭምር ይነግርዎታል። እኛ አገር ርቀት የሚለካው በሰዓትና በቀን ነው። ካርታ ላይ አንድ ስንዝር የማይሞላ መንገድ ከንጋት እስከ ምሽት ሊፈጅ ይችላል።

ለዚህ ምክንያት አለው። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ወደብ አልባ አገር ናት። ትልልቆቹ ወንዞቻችንም በአብዛኛው በገደል ውስጥ የሚወርዱ ናቸው፤ በአንድ ወቅት በጋምቤላ በኩል መርከብ ካስተናገደው ከባሮ በቀር፣ ሰው ከማጓጓዝ ይልቅ የሰው መንገድ ይቆርጣሉ። ስለዚህ የምንሄደው በጎማ ወይም በክንፍ ነው። ዘይቱ፣ ማዳበሪያው፣ ነዳጁ፣ የልጆች ወተት ሳይቀር የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ከውጭ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ቤተሰብዎን ይዘው በወጡ ቁጥር አገሪቱ የምትበላውና የምትለብሰው ነገር ከፊትዎም ከኋላዎም አብሮዎት ይጓዛል።

በማርኬቲንግ ሥራዬ ምክንያት የክልል ከተሞችን ስዞር ዓመታት ተቆጥረዋል። ከዚህ ሁሉ ጉዞ አንድ ምክር ብቻ ስጪ ብባል የምለው ይህ ነው፦ በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ሰውን የሚጎዳው ርቀቱ አይደለም፤ ጥድፊያው ነው። «በግማሽ ቀን እደርሳለሁ» ብሎ የወጣ ሰው ምሳ ይዘላል፣ ልጆቹን ይቆጣል፣ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ይቀድማል፣ ከመሸም በኋላ ይነዳል። ቀኑን ለመንገዱ የሰጠ ሰው ግን በሰላም ይገባል፤ አገሩንም ያያል።

በመጀመሪያ ዕረፍትዎን ያስሉ

ጉዞ የሚታቀደው ከመድረሻው ሳይሆን ካለዎት ቀን ተነሥቶ ነው። ለመሄድ አንድ ቀን፣ ለመመለስ አንድ ቀን ያስቀምጡና የቀረውን ይቁጠሩ። የሦስት ቀን ዕረፍት ካለዎት በመኪና ጎንደር መሄድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አንድ ቀን ብቻ ማረፍ ነው። ለሦስት ቀን ሐዋሳ፣ ለአምስት ቀን ሐረርና ድሬዳዋ፣ ሳምንት ካለዎት ባሕር ዳርና ጎንደር ወይም አርባ ምንጭ ይመጥናል።

መንገዶቻችን ብዙ ተሻሽለዋል። የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር 26 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው የአገሪቱ መንገድ ዛሬ ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። አብዛኛው ግን የጠጠርና የገጠር መንገድ ነው። አስፋልቱም ቢሆን ተራራ ሲወጣና ሲወርድ ስለሚውል፣ በሜዳ ላይ በአንድ ሰዓት የሚሄዱትን ያህል እዚህ እሄዳለሁ ብለው አያስቡ።

አውሮፕላን ለማን ይሆናል?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መብረር የጀመረው በ1938 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በአገር ውስጥ ከመቐለ እስከ አርባ ምንጭ፣ ከጋምቤላ እስከ ጅግጅጋ ይደርሳል። በመኪና ሙሉ ቀን የሚፈጀው መንገድ በአየር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እናትዎ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ፣ አባትዎ ረጅም ሰዓት መቀመጥ የማይችሉ ከሆነ፣ ወይም ለቅሶ ለመድረስ የሚሄዱ ከሆነ ገንዘቡ ይውጣ፤ አውሮፕላን ይምረጡ።

ለአራትና ለአምስት ሰው ሲሆን ግን ደርሶ መልሱ በጀት ያናጋል። ብዙ ቤተሰቦች የሚያደርጉት አንድ መላ አለ፤ አረጋውያኑን በአየር ይልካሉ፣ ሌሎቹ በመኪና ይሄዳሉ፤ ወይም በአንዱ አቅጣጫ በርረው በሌላው በመንገድ ይመለሳሉ። ልጆችዎን ቢያንስ አንድ ጊዜ በመንገድ ይውሰዷቸው። በአውሮፕላን ብቻ የሄደ ልጅ የሚያውቀው ሁለት ከተማ ነው። ጤፉ የት እንደሚበቅል፣ ቆላው የት እንደሚጀምር፣ የሰዉ አለባበስና ሰላምታ የት ላይ እንደሚለወጥ የሚያየው በመስኮት ነው።

አውቶቡስና የአውቶቡስ ሥርዓት

ከአዲስ አበባ ሲነሡ ምርጫዎ ብዙ ነው። እንደ ሰላም ባስና ስካይ ባስ ያሉት የወንበር ቁጥር ያለው ትኬት አስቀድመው ይሸጣሉ፤ ለቤተሰብ የሚመቹት እነዚህ ናቸው። ከዚያ በየመናኸሪያው የሚጫኑት የሕዝብ አውቶቡሶች አሉ። በአብዛኛው ወደ ደሴ የሚሄደው ከላምበረት፣ ወደ ደቡብ የሚሄደው ከቃሊቲ፣ ወደ ጅማ የሚሄደው ከአየር ጤና ነው፤ ያም ሆኖ መነሻው ሊለወጥ ስለሚችል ከዋዜማው ጠይቀው ያረጋግጡ። ለአጭር ርቀት ቅጥቅጥና አባዱላ የሚባሉት አሉ። አባዱላው ፈጣን ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ልጅ ይዘው ለረጅም መንገድ ባይመርጡት ይሻላል።

ትኬቱ ላይ ያለውን ሰዓት ሁለት ጊዜ ያንብቡ። «11 ሰዓት እንገናኝ» ከተባሉ ሌሊት 11 ሰዓት ነው። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የመጣ ዘመድ አብሮዎት የሚሄድ ከሆነ ይህን አስቀድመው ያስረዱት፤ አለበለዚያ ሻንጣውን እየጎተተ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል።

ለልጅዎ የራሱን ትኬት ይቁረጡለት። አንድ ሰዓት በጭን ላይ ቀላል ነው፤ ስምንት ሰዓት ግን ለእናትም ለልጅም ቅጣት ነው። የሚያጥወለውለው ልጅ ካለዎት ከፊት በኩል ያስቀምጡት። ጠዋት ወደ ሰሜን ሲሄዱ ፀሐይዋ በቀኝ በኩል ስለምትመታ ሕፃን የያዘ ሰው ግራውን ይምረጥ። መስኮት የመክፈትን ነገር ግን ከወዲሁ ይርሱት። ውጭው በረሃ ቢሆንም፣ ውስጡ ቢታፈንም፣ አንድ ሰው «ኧረ ብርድ ይመታናል!» ማለቱ አይቀርም፤ ተሳፋሪውም ከእርሱ ጋር ይቆማል።

የእጅ ቦርሳዎ ውስጥ ውሃ፣ ሶፍት፣ ሎሚ፣ ሁለት ሦስት ፌስታል፣ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ እሱን፣ ለመጸዳጃ ቤት የሚሆን ዝርዝር ብርና ለጠዋቱ ቅዝቃዜ ነጠላ ወይም ፎጣ ይያዙ። ሎሚው ለሚያጥወለውለው ሰው መሽተቻ ነው፤ ፌስታሉ ደግሞ ሎሚው ላልሠራለት ነው። በመካከል መውረድ የሚያስፈልግዎ ከሆነ ከመነሣትዎ በፊት ለረዳቱ በቀስታ ይንገሩት። ቀድሞ ያወቀ ረዳት አመቺ ቦታ ላይ ያስቆምልዎታል።

ዳቦ ቆሎም ይያዙ፤ ለብቻዎ እንዳይበሉት ግን። በኢትዮጵያ አውቶቡስ ውስጥ የጎረቤት ወዳጅነት የሚጀመረው «እንካ ቅመስ» በማለት ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ የጎረቤትዎን የልጅ ስም፣ የት እንደሚወርድ፣ ለምን እንደሚሄድ ያውቃሉ። ሲደርሱ ሻንጣዎን የሚያወርድልዎትም እሱ ይሆናል።

ለቤተሰብ ሦስት መንገዶች

ለመጀመሪያ ጊዜ ትንንሽ ልጆች ይዘው የሚወጡ ከሆነ በሐዋሳ ይጀምሩ። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ እስከ ሞጆ በምቾት ያደርስዎታል። ወደ ሐዋሳ የሚወስደው አዲሱ የፍጥነት መንገድም በከፊል ተከፍቷል። ሞጆ ላይ ከመንገዱ ዳር የሚያዩት የኮንቴይነር ክምር ደረቅ ወደቡ ነው። ለልጆችዎ «ባሕር የሌለው አገር ወደቡን የሚሠራው እንዲህ ነው» ብለው ያሳዩአቸው። ባቱ፣ ቀድሞ ዝዋይ የምንላት ከተማ፣ የዓሣ ምሳ አለ። ላንጋኖ ላይ ልጆቹ ውሃ ውስጥ ገብተው ይንቦጫረቃሉ። ሐዋሳ ሲገቡ አሞራ ገደል ይውሰዷቸው፤ ዓሣው ሲበለትና የልጅ ቁመት የሚያህሉት አባ ኮዳዎች ትርፍራፊውን ሲሻሙ ማየት ለልጅ ከየትኛውም መዝናኛ ይበልጣል።

ሁለተኛው መንገድ የምሥራቁ ነው። ድሬዳዋና ሐረር ሁለቱም ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣሉ። ከአዳማ በኋላ መተሐራ ላይ የፈንታሌ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ከዓመት ዓመት እየሰፋ መንገድ ሲገፋ የኖረው የበሰቃ ሐይቅ ይቀበሉዎታል። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ሲያልፉ ልጆቹ ሳላ ለማየት መስኮቱ ላይ ይለጠፉ። ከአዋሽ በኋላ የጅቡቲው የጭነት መኪና ሰልፍ ወደ ሰሜን ይታጠፍና መንገዱ ቀለል ይላል። ከዚያ ጭሮ፣ ሂርና፣ ቁልቢ እያሉ በተራራው ትከሻ ላይ ይሄዳሉ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓል ስለሆነ፣ ለበዓሉ ካልሄዱ በቀር በእነዚያ ቀናት አካባቢ በዚህ በኩል አይውጡ።

ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በግራ ሲጥመለመል ወደ ድሬዳዋ ሙቀት ይወርዳል፤ ቀጥ ብሎ ደግሞ በሐረማያና በአወዳይ በኩል ወደ ሐረር ይሄዳል። የሁለቱ ከተሞች ታሪክ ያለው በዚህች መገንጠያ ላይ ነው። የጅቡቲው ባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ሐረር መድረስ ነበረበት፤ ተራራው ግን አላስወጣ አለ። ስለዚህ ሐዲዱ ከሥር ቀረ፣ በ1895 ዓ.ም. በሜዳው ላይ ድሬዳዋ ተመሠረተች። ባቡሩ አዲስ አበባ ለመድረስ ደግሞ ተጨማሪ 15 ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። አዲስ አበቤዎች የመጨረሻውን ጣቢያ ከፈረንሳይኛው ወስደን «ለገሃር» እንላለን። ሐረር በበኩልዋ ጁገልን፣ በግንብ የታጠረችውን አሮጌ ከተማ፣ እንደያዘች ቀረች፤ ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ መንገደኛ ያጓጉዛል። ልጆች ይወዱታል፤ መቆም፣ መንቀሳቀስ፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ ይቻላልና። ሁለት ነገር ግን ይወቁ። አንደኛ፣ በየቀኑ ላይኖር ይችላልና የመነሻ ቀኑን አስቀድመው ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ ጣቢያዎቹ ከከተማው ውጭ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ለቡ ድረስ መሄድ፣ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ከጣቢያው ወደ ከተማ የሚያስገባ መኪና መያዝ ይኖርብዎታል።

ሦስተኛው መንገድ የዓባይ ነው። ጎጃምና ጎንደር ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ልጆቹ ግን ላያውቁት ይችላሉ። ከአዲስ አበባ ወጥተው የሰላሌን ሜዳ ሲያቋርጡ መሬቱ ሁሉ እንደዚሁ ደልዳላ ሆኖ የሚቀጥል ይመስላል። ወደ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ደብረ ሊባኖስ መገንጠያ ላይ ቢያርፉ፣ ከገዳሙ ሌላ ገደሉ ጫፍ ላይ የሚግጡ ጭላዳ ዝንጀሮዎችን ያያሉ። ጎሃ ጽዮን ሲደርሱ ምድሪቱ በድንገት ታልቃለች።

ከፊትዎ የዓባይ በረሃ ተዘርግቷል። ደጀን ከማዶ ይታያል፤ ቀን ጥሩ ከሆነ እጅዎን ዘርግተው የሚነኩት ይመስላል። እዚያ ለመድረስ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል መውጣት ያስፈልጋል። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከላይ ጋቢ የደረበው ሰው ታች ሲደርስ ሸሚዙን ይከፍታል። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ይሰምጣል፣ ይጎብጣል። የተጫኑ መኪኖች በከባድ ማርሽ እየተጎተቱ ይወጣሉ። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራው ድልድይ ላይ ሲደርሱ ጥበቃ ስላለ፣ ካሜራ ከማውጣትዎ በፊት ይጠይቁ።

ስለ ኢትዮጵያ ጉዞ ማስተማር የምፈልገውን ሁሉ ይህ ገደል ያስተምርልኛል። የሚታይ ነገር ሁሉ ቅርብ አይደለም። እዚህ ላይ የቸኮለ ሹፌር ፍሬኑን ያቃጥላል፤ ምንም የሚያተርፈው ጊዜ የለም፤ ከፊቱ ያለው መኪና በራሱ ፍጥነት ነው የሚሄደው። ለልጆችዎ «አያት ቅድመ አያቶቻችሁ ይህንን በእግርና በበቅሎ ነበር የሚሻገሩት» ብለው ይንገሯቸው። ባሕር ዳር በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱን የዓባይ ድልድይ በሁለት ደቂቃ ሲያቋርጡ ልዩነቱ ይገባቸዋል።

በራስዎ መኪና ሲሄዱ

ዋናው ሕግ አንድ ነው፤ ከመሸ አይንዱ። ሌሊት ያለ መብራት የቆመ ሲኖትራክ ይኖራል፣ አስፋልቱ ሞቅ ስለሚል እላዩ ላይ የሚተኛ ከብት ይኖራል፣ ጋሪ ይኖራል፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው ይኖራል። ማለዳ 12 ሰዓት ተነሥተው 11 ሰዓት ላይ መኝታዎን ይያዙ። ያሰቡት ከተማ ካልደረሱ የደረሱበት ከተማ ይደሩ። አልጋ የማይገኝበት የወረዳ ከተማ ብዙም የለም።

መንገድ ላይ የተነጠፈ ቅጠል ወይም የተደረደረ ድንጋይ ካዩ ፍጥነትዎን ይቀንሱ፤ ከመታጠፊያው ማዶ የተበላሸ መኪና አለ ማለት ነው። የገበያ ቀን ከሆነ መንገዱ የሰውና የአህያ ነው። ክላክስ ከማብዛት ይልቅ ቀስ ማለት ይሻላል። በክረምት በደሴ መንገድ ጣርማ በር ላይ ጉም ስለሚወርድ፣ ጣሊያኖች የሠሩትን ዋሻ ከማለፍዎ በፊትና ካለፉ በኋላ መብራትዎን አብርተው ይንዱ። ደብረ ሲና ሲወርዱ ደግሞ ቆሎ ሳይገዙ አይለፉ።

ስኮርታ ጎማዎ ነፋስ እንዳለው፣ ክሪኩም እንደሚሠራ ከቤት ሳይወጡ ይዩ። በክልል ከተሞች የነዳጅ ሰልፍ የተለመደ ስለሆነ ታንኩ ግማሽ ሲሆን ይሙሉ። የኤሌክትሪክ መኪና ከገዙት ብዙዎች አንዱ ከሆኑ ደግሞ ረጅሙን መንገድ ከማሰብዎ በፊት፣ በመካከልና በሚያድሩበት ሆቴል ቻርጅ ማድረግ መቻልዎን በስልክ ያረጋግጡ። ዳገት ባትሪ ይበላል። ከሁሉም በላይ ልጆቹን ከኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ ይሰሯቸው። «አጭር መንገድ ነው» የሚባል ምክንያት አይሠራም።

ከተማ ከገቡ በኋላ

ከተማው ውስጥ ንጉሡ ባጃጅ ነው። ከመግባትዎ በፊት «በሰው ነው ወይስ ኮንትራት?» ብለው ይጠይቁ። በሰው ከሆነ እንደማንኛውም ሰው ከፍለው ይወርዳሉ። ኮንትራት ከሆነ ዋጋውን አስቀድመው ይጨርሱ። ያረፉበት ሆቴል እንግዳ ተቀባይዋ ትክክለኛውን ዋጋ ታውቃለች፤ ከመውጣትዎ በፊት ይጠይቋት። ጥሩ የባጃጅ ሹፌር ካገኙ ስልኩን ይያዙ። በአንድ ቀን ውስጥ የከተማው አስጎብኚዎ፣ የጥሩ ሽሮ ቤት ጠቋሚዎና ሻንጣ ጠባቂዎ ይሆናል።

ከመነሣትዎ በፊት ይጠይቁ

ስለ መንገድ ጽፎ ስለ ሰላም ዝም ማለት አይቻልም። ባለፉት ዓመታት በተለያዩ አቅጣጫዎች ያሉ መንገዶች በጸጥታ ችግር ሲዘጉና ሲከፈቱ ቆይተዋል። አምና የተሄደበት ዘንድሮ ላይሄድ ይችላል፤ ዛሬ ክፍት የሆነው በሳምንቱ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ሰው ይጠይቁ፦ በመድረሻው ያለ ዘመድዎን፣ በመሐል ከተማ ላይ የሚኖር ሰው፣ ትናንት በዚያ መንገድ የመጣ ሹፌር። ሦስቱ አንድ ዓይነት መልስ ከሰጡዎት ይመኗቸው። አንዱ ካመነታ ጉዞውን ያዘግዩ፤ ወይም በሚቻልበት ቦታ በአየር ይሂዱ። በዓል በየዓመቱ ይመጣል። እናትዎም «ምነው ቀረህ?» ይላሉ እንጂ «ለምን በዚያ መንገድ አልመጣህም?» አይሉም።

መንገዱ ክፍት ሲሆን ግን አያሳልፉት። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን የምናሳድገው ከተማ ውስጥ ነው። አያቶቻቸውን የሚያውቁት በስልክ ድምፅ ነው፤ የአባታቸውን አገር የሚያውቁት በስም ነው። አያቶች ደግሞ ዕድሜያቸው አይጠብቅም። የሚመጣውን የትምህርት ቤት ዕረፍት ከወዲሁ ቀን መቁጠሪያው ላይ ያክብቡት። ለመንገዱ አንድ ቀን፣ ለመመለሻው ሌላ አንድ ቀን ይመድቡ፤ በመካከል ያለውን ሁሉ ለአያት ይስጡ።